ምቱን ማን ይጀምረዋል?

ስለ ሲኩዌንሰር ቀረጻና ስለ ጉዱማሌ ዜማ የቀረበ ሂስ

ኪነ ጥበብ ከሕዝብ ኑሮ ተቀድቶ ተመልሶ ለሕዝብ የሚቀርብ ነው ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ ይዘቱ ነው። ዘፈኑ ስለ ማን ይናገራል፣ ተውኔቱ የማንን ችግር ያሳያል፣ ግጥሙ ለማን ያደላል ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ሆኖም ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት በሥራው ላይ የሚወሰን አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው። ምቱ በምን ፍጥነት ይሂድ? በስንት ይከፈል? ማንስ ይጀምረው? ይህች ጽሑፍ የምትመረምረው ይህንኑ ነው። መነሻዋ ሐዋሳ የሚገኘው የጉዱማሌ አደባባይ፣ መመርመሪያዋ ደግሞ ሲኩዌንሰር የሚባለው የሙዚቃ መሣሪያ ነው።

ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን፣ ፊቼ ጨምበላላን፣ በአንድነት የሚያከብርበት ስፍራ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በሕዝቡ አፈ ታሪክ እንደሚነገረው አንዲት ባለትዳር የሲዳማ ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ለመጠየቅ ስትመጣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሰናዳ ቡሪሳሜ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ምግቡም ለጎረቤት ይዳረስ ነበር። በዓሉ የዚህች ሴት መታሰቢያ ነው። ለርእሳችን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን የቀኑ አወሳሰን ነው። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ በየዓመቱ ይከታተላሉ፤ ቀኑ ሲታወቅ ለጎሳዎቹ ይነገራል፤ ሕዝቡም ከዚያ በኋላ ለበዓሉ ይሰናዳል። ቀኑ ይጠበቃል እንጂ አይታዘዝም። አንባቢ ይህን ሐሳብ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ መሣሪያው ስንመጣ ያስፈልገናልና።

በአደባባዩ የሚሰማው ቄጣላም የሚጀመረው በዚሁ መንፈስ ነው። መሪው ድምፁን ያወጣል፤ ረድፉ ይቀበለዋል፤ እግሮች መሬቱን ይመታሉ። ቀርቦ ያዳመጠ ሰው እንደሚያስተውለው የመጀመሪያዎቹ ምቶች ገና ያልተስማሙ ናቸው። አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ከኋላ ያለው ደግሞ የፊተኛውን ትከሻ እያየ ይገባል። ከጥቂት ቅብብል በኋላ ግን ማንም ሳይቆጥርላቸው ምቱ አንድ ይሆናል። ይህ አንድነት ከውጭ የመጣ ሳይሆን እርስ በርስ በመደማመጥ የተገኘ ነው። ረድፉ ሲበረታ ምቱ ይፋጠናል፤ መሪው ቃል ሲለውጥ ጥቂት ይረግባል። ፍጥነቱ ራሱ የንግግሩ ክፍል ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንለፍ። ሲኩዌንሰር እንደ ቴፕ ድምፅን አይቀዳም። የሚመዘግበው የጣትን ሥራ ነው፤ የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ መቼ ተነካ፣ በምን ያህል ጉልበት፣ መቼስ ተለቀቀ። ይህን የመሰለ ምኞት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1904 ቬልቴ ሚኞን የተባለው የጀርመን ፒያኖ የታላላቅ ከዋኞችን አጨዋወት በወረቀት ጥቅል ላይ መዝግቦ ይደግም ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጃፓኑ ሮላንድ ኤም ሲ 8 በበኩሉ ዜማን በአብዛኛው በቁጥር የሚቀበል ነበር፤ ሙዚቀኛው እንደ ሒሳብ ሹም ተቀምጦ የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታና ርዝመት በቁጥር ያስገባ ነበር። አሜሪካዊው ሮጀር ሊን እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረበው ኤል ኤም 1 የከበሮ መሣሪያና እ.ኤ.አ. በ1988 ከአካይ ኩባንያ ጋር ያወጣው ኤም ፒ ሲ 60 ሙዚቀኛውን ከቁጥር ጽሕፈት አውጥተው ወደ መምታት መለሱት። መሣሪያው እየዞረ፣ ከዋኙ በጣቱ እየመታ፣ ምቱ በዚያው ቅጽበት ይመዘገባል። ቅጽበታዊ ቀረጻ የምንለው ይህንን ነው። በዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነው ሚዲ የተባለው የመግባቢያ ሥርዓት የልዩ ልዩ ፋብሪካዎች መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ አስችሏል።

ከመሣሪያው ፊት እንቀመጥና አጀማመሩን እንመልከት። ከዋኙ ቀዩን የመቅረጫ ቁልፍ ከማስጀመሪያው ጋር ይጫናል። ወዲያው ግን አይቀረጽም። መሣሪያው አስቀድሞ ለአንድ ሜዠር ያህል፣ ማለትም በተለመደው አሠራር ለአራት ምት፣ ራሱ ይቆጥራል። ቆጠራው ሲያበቃ ከዋኙ መግባት አለበት። ሁለት ወይም አራት ሜዠር ተብሎ የተወሰነው ርዝመት ሲያልቅ መሣሪያው ሳይቆም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ከዋኙም በቀድሞው ላይ ሌላ ድምፅ ይደርባል። አሠራሩ ቀላል፣ ፈጣንና ማራኪ ነው።

ይሁን እንጂ ቁልፉ ከመጫኑ በፊት አራት ውሳኔዎች ተወስነዋል። ፍጥነቱ፣ በሜዠር የሚቆጠረው የምት ብዛት፣ የዙሩ ርዝመት፣ እንዲሁም ኳንታይዝ የሚባለው የምት ማረሚያ። በብዙ መሣሪያዎች እነዚህ ውሳኔዎች ከፋብሪካው ተሞልተው ይመጣሉ፤ በደቂቃ 120 ምት፣ በሜዠር አራት ምት። ሙዚቀኛው ካልለወጣቸው እንዳሉ ይቆያሉ። ከዋኙ ነጻ ሆኖ የጀመረ ይመስለዋል እንጂ ሌላ ሰው ባሰመረለት ማሳ ላይ ነው የሚዘራው። በደቂቃ 120 የማን እርምጃ ነው? የዚህ አገር ማንኛው ጭፈራ ነው እንዲህ ተብሎ የተለካው?

ከአራቱ ውሳኔዎች ሥር ሰደድ ውጤት ያለው ማረሚያው ነው። ለምሳሌ ኤም ፒ ሲ 60 አንዱን ምት በ96 ጥቃቅን ክፍሎች ይከፍላል። በደቂቃ 120 ከሄድን አንድ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው፤ አንዷ ጥቃቅን ክፍል ከሰከንድ አምስት ሺኛ ጥቂት ትበልጣለች። ማረሚያው በአሥራ ስድስተኛ ኖታ ላይ ከተደረገ ምቱ በአራት ይከፈላል፤ የተፈቀዱት ማረፊያዎችም 0፣ 24፣ 48 እና 72 ይሆናሉ። ከዋኙ ግን በእጁ የሚመታው ችክችካ ነው እንበል፤ ምቱን በሦስት እኩል የሚከፍል። ጣቱ የሚያርፈው 0፣ 32 እና 64 ላይ ነው። መሣሪያው 32ን ወደሚቀርባት ወደ 24 ይስባታል፤ 64ንም ወደ 72 ይገፋታል። 32፣ 32፣ 32 የነበረው ድርሻ 24፣ 48፣ 24 ሆነ ማለት ነው። ሦስት ወንድማማቾች እኩል የተካፈሉትን የአባት መሬት አንድ ባዕድ ዳኛ መጥቶ ለመካከለኛው የሁለቱን ድርሻ ያህል እንደ መስጠት ይቆጠራል። እያንዳንዷ ምት ከቦታዋ የተነቀለችው ከሰከንድ 42 ሺኛ ያህል ብቻ ነው። ጆሮ ምን እንደ ሆነ ለይቶ ላይናገር ይችላል፤ ትከሻና እግር ግን ያውቁታል። ሰው ለምን ዘፈኑ እንደማያስጨፍረው ሳይገባው ቆሞ ይቀራል።

እዚህ ላይ ፍርዳችን እንዳይዛባ እንጠንቀቅ። ያው መሣሪያ ማረሚያውን በሦስት ክፍል ላይ እንዲያደርግ ሊታዘዝ ይችል ነበር፤ ጭራሹን እንዲተወውም ሊታዘዝ ይችል ነበር። ጥፋቱ የብረቱ ሳይሆን ሳይጠይቅ የጀመረው ሰው ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ወገን የሚሰማው፣ ኪቦርድና ሲኩዌንሰር የሕዝቡን ዜማ አጠፉ የሚለው ጩኸት፣ ቁጣው ቢገባንም ምርመራው ጎዶሎ ነው።

ታሪካችንም ይህንኑ ይመሰክራል። በደርግ ዘመን በነበረው የሰዓት እላፊ ምክንያት የምሽት ሙዚቃ ተዳክሞ፣ ትላልቆቹም ባንዶች እየሳሱ ሲሄዱ ብዙ የካሴት ሥራ በጥቂት ሰዎችና በኪቦርድ ይሠራ ጀመር። ይህ ጉዳት ብቻ አልነበረም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ እዚያው ቀርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን የራሱን ካሴት ብቻውን ሠራ። አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሮቹን አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ፣ ከሥራቸው የምት መሣሪያ አድርጎ ነበር የተጫወተው። ባንድ የሌለው ሰው ራሱ ባንድ ሆነ። ካሴቱ አገር ቤት ገብቶ ተደመጠ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ ታተመ።

ይህ ሥራ ለምን አላረጀም? አዳምጠን እንፍረድ። የምት መሣሪያው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነቃነቅም፤ ደረቅ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። አኮርዲዮኑ ግን በላዩ የሚተነፍስ ነው። የአኮርዲዮን ድምፅ የሚወጣው ከወናፉ በሚገፋ አየር ነውና ሐረጉ የሚረዝመውና የሚያጥረው እንደ ክንዱ ነው። ዜማው ከምቱ ጥቂት ዘግይቶ ይገባል፤ አንዳንዴ ይቀድመዋል፤ በመጨረሻ ተመልሶ ይገናኘዋል። ኃይሉ መሣሪያውን ወለል አደረገው፤ ጣሪያ እንዲሆንበት ግን አልፈቀደም። ቋሚ ምት ራሱ ጠላት አለመሆኑን፣ ጠላቱ እጅን ሁሉ ወደ ምቱ ጎትቶ ማሰር መሆኑን ይህ ካሴት ያስረዳል።

ከውቅያኖስ ማዶም ተመሳሳይ ምስክር አለ። የዲትሮይቱ ጄ ዲላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ያረፈው፣ በዚሁ በኤም ፒ ሲ ላይ ምቶቹን ሆን ብሎ ከመስመሩ እያስቀደመና እያዘገየ የሠራቸው ሥራዎች ከበሮ መቺዎች በእጃቸው ሊያጠኗቸው የሚጥሩባቸው ሆነዋል። መሣሪያውም ዛሬ በዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል። በአንድ መሣሪያ ላይ ሁለት ሰዎች ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንዱ የታዘዘውን ይሞላል፣ ሌላው ያዘዋል።

በአገራችን ጊዜን እንደ ሕያው ነገር መያዝ በቄጣላ ብቻ የሚገኝ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑን አቋቋም ያየ ሰው ዝማሜው በመቋሚያ እርጋታ እንዴት እንደሚሄድ፣ ከበሮና ጸናጽል ሲገቡ መረግዱ እንዴት እንደሚበረታ፣ ጽፋቱም በጭብጨባ እንዴት እንደሚፋጠን ያውቃል። ይህን ሁሉ በአንድ ፍጥነት ላይ ብንቸነክረው ቃሉ ይቀራል፤ ሥርዓቱ ግን ይፈርሳል። በግጥም ንባብም ያው ነው። ቀለሙ በወረቀት ላይ እኩል ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው ግን በሐረግ መካከል የሚወስዳት እስትንፋስ በቁጥር የምትገባ አይደለችም።

ሌላውን ስነቅፍ ግለ ሂስ ማቅረብ ይገባኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የመድረክ ሥራ የቄጣላ ድምፅ አስፈልጎኝ ጥቂት ሰዎች ወደ አንድ ስቱዲዮ ይዤ ገባሁ። ትዕይንቱን በሦስት ደቂቃ ለክቼ ስለ ጻፍኩት ቀረጻውም በሦስት ደቂቃ እንዲያልቅ ፈለግሁ። ለመሪው ማዳመጫ ተሰጠውና የመሣሪያው ቆጠራ በጆሮው ይመታ ጀመር። ከአራተኛው ቆጠራ በኋላ እንዲገባ ተነገረው። መሪው ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አቆመ። በመጨረሻ ማዳመጫውን አውልቆ ይህን የሚመታው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። ማንም እንዳልሆነ ስንነግረው ለማን እንደሚመልስ ግራ ገባው። እኛ ግን አልሰማነውም፤ ለመድነው፣ አስለመድነው፣ ቀረጽነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። መድረክ ላይ ሲሰማ ግን ተዋንያኑ እግራቸውን እየተመለከቱ ይጨፍሩ ነበር። ያን ቀን መሪው የሙዚቃ ጥያቄ ሳይሆን የኅብረተሰብ ጥያቄ ጠይቆን ኖሯል። ቄጣላ ጥሪና መልስ ነው፤ የሚጠራው ሰው ከሌለ መልሱ ከየት ይመጣል? ጥፋቱ የመሣሪያውም የባለሙያውም አልነበረም፤ በሦስት ደቂቃ የቸነከርኩት እኔ ነኝ።

ጉዳዩ ይህን ያህል የሚያሳስበው ቀረጻ ተመልሶ አደባባይ ስለሚወጣ ነው። ልጆች ዜማውን ከአያቶቻቸው አፍ ብቻ ሳይሆን ከድምፅ ማጉያም ይማሩታል። የተቀረጸው ምት የተስተካከለ ከሆነ የሚለማመደውም እግር የተስተካከለ ይሆናል፤ በኋላም በረድፉ ውስጥ ቆሞ የጎረቤቱን ትከሻ መጠበቅ ይረሳል። ቅርሱ በዓለም መዝገብ ላይ ሰፍሮ ሳለ ቅርስ ያደረገው መደማመጥ ሊጎድል ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ክርክር ሁለት ወገኖች ያጋጥሙናል። አንደኛው ቄጣላንና መሰሎቹን ወደ መሣሪያ ማስጠጋት ራሱ ርኩሰት ነው ይላል። ይህ አስተሳሰብ የሕዝብን ኪነት ሙዚየም ውስጥ ይቆልፈዋል፤ ኪቦርድ ብቻ ያለውን የወረዳ ወጣትም ከሥራ ያስወጣዋል። ሁለተኛው ደግሞ ሕዝቡ ወደ ዘመናዊው ምት ማደግ አለበት ይላል። ይህም ዘመናዊነትን ከፋብሪካ ልክ ጋር ያምታታል። ጊዜን እየተደማመጡ መፍጠር ኋላ ቀርነት ከሆነ ኤም ፒ ሲን በእጁ ያጣመመው የዲትሮይት ሰው በምን ሊመሰገን ነው?

ሁለቱም ወገኖች የማይመለከቱት መፍትሔ በመሣሪያው ውስጥ ተቀምጧል። ብዙ ኪቦርዶችና ሲኩዌንሰሮች ቆጠራውን ትተው እንዲጠብቁ ማድረግ ይቻላል። ሲንክሮ ስታርት በሚባለው አሠራር መሣሪያው ተዘጋጅቶ ዝም ይላል፤ የመጀመሪያዋ ቁልፍ ስትነካ ከእርሷ ጋር ይነሣል። ጅማሬው የከዋኙ ሆነ ማለት ነው። ይህ ግን ጅማሬውን እንጂ አካሄዱን አይፈታም። ስለዚህ ፍጥነቱም ከፋብሪካው ሳይሆን ከእግር ይወሰድ፤ በብዙ መሣሪያዎች ላይ በጣት ደጋግሞ በመምታት ፍጥነትን ማስያዝ ይቻላልና ጨፋሪው እየረገጠ ከዋኙ ይከተለው። ማረሚያው በቀረጻ ጊዜ ይጥፋ፤ በኋላ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘም ምቱ በምን እንደሚከፈል ተለይቶ፣ በከፊል ብቻ ይደረግ። ፍጥነቱ እየተለዋወጠ የሚሄድ ዜማ ሲሆን ደግሞ ድምፁና እግሩ አስቀድሞ ያለ ምንም ቆጠራ በድምፅ መቅጃ ይቀዳ፤ መሣሪያው በኋላ መጥቶ ይከተል። አድካሚ ነው፤ ጊዜም ይፈጃል። የበዓሉን ቀን ለማወቅ ሌሊት ሰማይ መመልከትም ያደክማል።

የምት መቁጠሪያ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ብቻውን የሚደርብ ሙዚቀኛ፣ መብራትና ድምፅ በአንድነት የሚንቀሳቀስበት መድረክ፣ በተለያየ ከተማ ሆነው አንድ ሥራ የሚሠሩ ጓደኛሞች ያለ እርሱ ይቸገራሉ። ክርክራችን እርሱን ለመጣል ሳይሆን ተራውን እንዲያውቅ ለማድረግ ነው።

የባህል ሥራ የሚመሩ ጓዶች ለበዓል ቀረጻ ሲያዙ ከርዝመቱና ከወጪው ጋር አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ምቱን ማን ጀመረው? የሙዚቃ መምህራን ተማሪዎቻቸውን አንዱን ዜማ ሁለት ጊዜ ያስቀርጿቸው፤ አንድ ጊዜ በመሣሪያው ቆጠራ፣ አንድ ጊዜ በራሳቸው እግር። ከዚያም ሁለቱን እያሰሙ ያስጨፍሯቸው፤ ትምህርቱን እግራቸው ይነግራቸዋል። ከዋኞችም ቀዩን ቁልፍ ከመጫናቸው በፊት የተሞሉትን አራት ውሳኔዎች አንድ በአንድ ይመልከቱ።

እኔም ያንን የመድረክ ሥራ ደግሜ የማዘጋጅበት ዕድል ባገኝ ሦስቱን ደቂቃ ከጽሑፉ እሰርዛለሁ። መቅጃውን ይዤ በፊቼ ዕለት ጉዱማሌ እሄዳለሁ፤ ከረድፉ ራቅ ብዬ እቆማለሁ፤ ቁልፉን ከፍቼ መሪው ድምፁን እስኪያወጣ ድረስ እጠብቃለሁ።